የአልጋው ብረት ላይ ስንት እጅ አረፈ?

ባለፈው ህዳር የእህቴ ልጅ ታሞ ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ዓመት ከመንፈቁ ነው። ከመንዝ ነው ይዘውት የመጡት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ። ሳምባ ምች ነው ተባለ። ኦክስጅን ተደረገለት፣ መድኃኒት ተጀመረለት፣ በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ «ዳቦ» አለ። እህቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን ሌሊት ተቅማጥ ጀመረው። ያስመልሰውም ነበር። ሲነጋ ከጎኑ ያለችው ሕፃንም እንደዛው ሆነች። ማታ ላይ በሩ አጠገብ ያለው ሕፃን ተከተለ።

«ጥርስ ነው» አሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከደብረ ሲና በኩል የመጡት እማማ። «ብርድ ነው» አለች ሌላዋ እናት። እኛ አገር ሕፃን ሲያስቀምጠው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥርሱ ነው። ግን ሦስት ሕፃናት በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ጥርስ አያወጡም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ነገር አለ። በምን ሄደ? ይሄ ጥያቄ ነው ከዛን ቀን ጀምሮ አልለቅ ያለኝ።

የቱ ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ልጃችንን ከሞት አትርፈውልናል፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ ነውር ነው። ደግሞም ናሙና ተወስዶ አልተመረመረም፣ ስለዚህ የተቅማጡ ምክንያት ይሄ ነው ብዬ መማል አልችልም። ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

ያየሁት ይሄ ነው። ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው። አልጋው የብረት ነው፣ ልጅ እንዳይወድቅ በግራና በቀኝ ከፍ የሚል መከላከያ ብረት አለው፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ እጅ የሚበዛበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ጥቁሩ የወጣ። ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲና መወልወያዋን ይዛ ትገባለች። የበረኪናው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ትወለውለዋለች፣ ፍራሻችንን አስነስታ፣ አልጋው ስር ገብታ፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ። ከዛ ወደ ሚቀጥለው ክፍል። በስድስቱ ቀን ውስጥ አንድ ሰው ጨርቅ ይዞ ያንን የአልጋ ብረት ሲጠርግ ያየሁት በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ ትንሽ ተሽሎት ስለነበር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ቁጭ ብዬ ያንን ብረት አየሁት። ነርሷ መጣች፣ ብረቱን ዝቅ አድርጋ ሙቀቱን ለካች፣ መልሳ ከፍ አደረገችው። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ከልጁ ጣት አውልቃ ወደ ጎረቤት አልጋ ሄደች። ራውንድ የሚዞሩት ሐኪሞች መጡ፣ አንዱ ተለማማጅ ብረቱን ተደግፎ ካርዱ ላይ ጻፈ፣ እስክሪብቶውን ለጓደኛው አቀበለ። እማማ ሊጠይቁን መጥተው ብረቱን ይዘው «እግዜር ይማረው» አሉ። እህቴ ሽንት ጨርቅ ቀይራ እጇን በሶፍት ጠረግ ጠረግ አደረገችና በዛው እጇ ፔርሙሱን አነሳች። ሻይ ቀዳች። ፔርሙሱ ከእኛ ወደ እማማ፣ ከእማማ ወደ በሩ አጠገብ ወዳለችው እናት ሄደ። መቼም አብሮ ታሞ አብሮ ሻይ አለመጠጣት በእኛ አይታሰብም።

ልጁስ? ልጁ ቆሞ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ እያኘከው ነበር። አዲስ የወጡት አራት ጥርሶቹ ብረቱ ላይ ኪር ኪር ይላሉ። ምራቁ በብረቱ ላይ ወርዶ ያበራል። ይቺ ምስል እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ማታ ሁሉም ሲተኛ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ ቫይረስ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ። ግን ቫይረስ በአንድ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ከዕቃ ወደ ዕቃ እንዴት እንደሚጓዝ ሰዎች በእርምጃ ተከታትለው እንደመዘገቡት እስከዛች ሌሊት አላወቅኩም ነበር።

በ2020 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የሰው ቫይረስ አልተጠቀሙም፣ ያማ አደጋ ነው። የተጠቀሙት የአበባ ጎመንን ከሚያጠቃ ቫይረስ የተገኘ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ሐሳቡ በጣም ነው ደስ የሚለው። አንደኛ፣ የተክል ቫይረስ ዲኤንኤ ስለሆነ ሰውን አያሳምምም። ሁለተኛ፣ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ በተለምዶ የሚገኝ ነገር አይደለም። ስለዚህ በር እጀታ ላይ ከተገኘ፣ መጫወቻ ላይ ከተገኘ፣ የመጣው እነሱ ካስቀመጡበት ቦታ ነው ማለት ነው። በጉ ላይ ቀለም ቀብቶ ገበያ ውስጥ እንደመከታተል ነው፣ መንጋው ቢቀላቀልም ያንተ የቱ እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ይህንን ዲኤንኤ በ1 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ አደረጉት። 1 ሚሊ ሊትር ማለት የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ነው፣ ለልጅ ሽሮፕ ስትሰጡ ማንኪያው ላይ ከሚቀረው ብዙም አይበልጥ። መጠኑንም የኮሮና ሕመምተኛ ከአፍንጫና ከጉሮሮው በሚወጣው ናሙና ውስጥ ከሚገኘው ጋር ተቀራራቢ አደረጉት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀቡት። የት መሰላችሁ? የአልጋ መከላከያ ብረት ላይ። ያውም ለብቻው በተለየ ክፍል ውስጥ ያለ አልጋ ላይ።

ከዛ በክፍሉና በዙሪያው ያሉ ብዙ ቦታዎችን በጥጥ እየጠረጉ በፒሲአር፣ ትንሽ ዲኤንኤ እንኳ ለይቶ በሚያገኝ ምርመራ፣ መረመሩ። በ10 ሰዓት ውስጥ ከተመረመሩት ቦታዎች 41 በመቶው ላይ ተገኘ። በር እጀታ ላይ። መጠባበቂያ ቦታ ያለ ወንበር መደገፊያ ላይ። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ያሉ አሻንጉሊቶችና መጻሕፍት ላይ። በሦስተኛው ቀን ከግማሽ በላይ ደረሰ። በአምስተኛው ቀንም ገና አልጠፋም።

ይህን ሳነብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነበር። ቀና ብዬ የእኛን አልጋ ብረት አየሁት። የለንደኑ ለአንድ ሕመምተኛ የተለየ ክፍል ነው፣ በሩ የሚዘጋ። የእኛ ስምንት አልጋ፣ ስምንት እናት፣ ከዛ በላይ አስታማሚ፣ ቀን ደግሞ ጠያቂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ማለት አለብኝ፣ ሰው ሳያስፈልግ እንዳይፈራ። እነዛ ተመራማሪዎች የተከታተሉት ዲኤንኤ ነው እንጂ ሕይወት ያለው ቫይረስ አይደለም። የደረሰበት ሁሉ በሽታ ይደርሳል ማለት አይደለም። እውነተኛ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ሲቆይ እየደከመ ይሄዳል፣ አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በቀናት። ኮሮናንም ብንወስድ፣ መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ሽንኩርት ሳይቀር በሳሙና ስናጥብ ከርመን በኋላ ዋናው መተላለፊያው አየር እንደሆነ፣ በዕቃ የሚተላለፈው ትንሹ እንደሆነ ታወቀ። ጥናቱ የሚያሳየው መንገዱን ነው። መንገዱ ላይ ማን እንደሚሄድ ደግሞ እንደ ቫይረሱ ዓይነት ይለያያል።

ሕፃናት ክፍል ውስጥ ግን በእጅና በዕቃ በደንብ የሚሄዱ አሉ። ተቅማጥና ትውከት የሚያመጡት ሮታ እና ኖሮ የሚባሉት ዋናዎቹ ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፣ ደረቅ ዕቃ ላይ ለቀናት ይቆያሉ፣ ለማሳመምም በጣም ጥቂት ብቻ ይበቃቸዋል። አርኤስቪ የሚባለውም አለ፣ ሕፃናት ላይ የሳምባ ሕመም የሚያመጣ። ጠንካራ ዕቃ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። የጉበት ቫይረስ ቢ ደግሞ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል፣ እሱ የሚተላለፈው በደም ቢሆንም። ብርዱም ያግዛቸዋል። ብዙዎቹ ቫይረሶች ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ከሙቅ ቦታ የበለጠ ይቆያሉ። እኛ ደግሞ ደጋ ነን፣ መስኮት ዘግተን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ ተጠጋግተን የምንተኛ።

ስለ አርኤስቪ አንድ የቆየ ጥናት አለ፣ ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው እሱ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ካሮላይን ሆል የምትባል የሕፃናት ሐኪምና ባልደረባዋ ያሳተሙት። ፈቃደኛ የሆኑ ባለሙያዎችን በሦስት ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ የታመመውን ሕፃን አቀፉት፣ አበሉት፣ ሽንት ጨርቁን ቀየሩለት። ሁለተኛዎቹ ሕፃኑን አልነኩም። ሕፃኑ ከክፍሉ ሲወጣ ገብተው የነካካውን ዕቃ ብቻ ነኩ፣ ከዛ የራሳቸውን አፍንጫና ዓይን ነኩ። ሦስተኛዎቹ ከሕፃኑ አልጋ ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ምንም ሳይነኩ።

ካቀፉት 7 ሰዎች 5ቱ ተያዙ። ዕቃውን ብቻ ከነኩት 10 ሰዎች 4ቱ ተያዙ። ከተቀመጡት 14 ሰዎች አንድም አልተያዘም።

ሁለተኛዎቹን አስቡልኝ። ሕፃኑን በዓይናቸው እንኳ ያላዩት ሊሆኑ ይችላሉ። አልጋው ነው ያሳመማቸው። ከ10 አራት! የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን የሚያሳየው ነገር ትልቅ ነው። እኛ «ከታመመ ሰው ራቅ በል» እንላለን። ከታመመው ሰው ወንበር፣ ከታመመው ሰው ኩባያ፣ ከታመመው ሰው አልጋ ብረት ራቅ በል የሚል ግን ብዙ ሰምቼ አላውቅም።

የአበባ ጎመኑን ዘዴ ሌሎችም ቀደም ብለው ተጠቅመውበታል። በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት የሕፃናት መዋያ ውስጥ ዲኤንኤውን በመጫወቻ ኳሶች ላይ ቀብተው ለልጆቹ ሰጧቸው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በእጆችና በዕቃዎች አዳርሶ፣ ወደ ልጆቹ ቤትም ገብቶ ተገኝቷል። ሆስፒታል ላይም ይሄው ነው የሚያስፈራኝ። አስታማሚ ሁለት ቤት አለው። ጠዋት ሆስፒታል፣ ማታ ሌሎች ልጆች ያሉበት ቤት። እህቴ በመሐል አንድ ቀን ዘመድ ቤት ሄዳ ልብሷን ቀይራ ተመልሳለች። እዛ ቤት የሦስት ወር ሕፃን ነበረች። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ደግነቱ ምንም አልሆነችም።

ልጁ ድኖ ወጣ፣ ነገሩን ላስረዝመው አልፈልግም። ተቅማጡ በኦአርኤስና በዚንክ በሦስት ቀን ቆመ። እኔ ግን ትምህርት ቤት ስመለስ ነገሩን በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። ፒሲአር የለኝም። እርድ ግን አለ።

እርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም የማይታየው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ያንን ብርሃን የሚያወጣ መብራት ደግሞ የሐሰት ብር የሚለዩ ነጋዴዎች ጋ አለ። አንድ ወዳጄ ሱቁ ያለችውን ትንሿን መብራት ለቅዳሜ አዋሰኝ። እርዱን በቫዝሊን ለውሼ፣ በጣም ቀጭን አድርጌ የሳይንስ ክበቡ የሚሰበሰብበትን ክፍል በር እጀታና የጠመኔውን ሳጥን ቀባሁት። በዓይን ምንም አይታይም። ተማሪዎቹ ገቡ፣ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ሌላ ነገር ተማሩ። ከዛ መጋረጃውን ዘጋንና መብራቱን አበራን።

መጀመሪያ ግራ ተጋባን፣ ምክንያቱም የልጆቹ ነጭ ነጠላና ሸሚዝ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ አበራ። እሱ የልብስ ሳሙናው ነው፣ ኦሞው ውስጥ ልብስ ነጭ እንዲመስል የሚጨመር የሚያበራ ነገር አለ። ሰማያዊውን ትተን ቢጫና አረንጓዴውን መፈለግ ጀመርን። እጅ ላይ አለ፣ ይህን ጠብቀናል። እስክሪብቶ ላይ። ስልክ ላይ፣ በተለይ ጆሮ የሚነካበት በኩል። የደብተር ጠርዝ ላይ። የበሶ ኮዳ ክዳን ላይ። ከዛ ክፍሉ ዝም አለ፣ ምክንያቱም መብራቱን አንዲት ልጅ ፊት ላይ ስናደርግ አፍንጫዋ ዙሪያና የዓይኗ ጥግ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ አበራ። ልጅቷ በሩን አልነካችም። ጠመኔም አልያዘችም። ጓደኛዋን ሰላም ብላ ነው የገባችው።

አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ቫይረስ ቢሆንስ?» አለ። ቫዝሊን እንደ ቫይረስ አይደለም፣ ይጣበቃል፣ ስለዚህ እንደ መለኪያ አትውሰዱት አልኳቸው። ግን የእጅን መንገድ በደንብ ያሳያል።

ከዛ ግማሾቹ እንዲሁ በውኃ ታጠቡ፣ ግማሾቹ በሳሙና፣ ጊዜ ወስደው። በውኃ ብቻ የታጠቡት ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በሳሙና የታጠቡትም ላይ የቀረ ነበር፦ ጥፍር ስር፣ በጣቶች መሐል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አውራ ጣት ላይ። አውራ ጣትን የምናጥብ ጥቂት ነን። መዳፍ ለመዳፍ ፈተግ ፈተግ አድርገን «ታጠብኩ» እንላለን፣ ዕቃ የምንይዝበት ዋናው ጣት ግን አውራ ጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ መታጠቢያ ሥዕል ላይ አውራ ጣት ለብቻው አንድ ደረጃ የተሰጠው በከንቱ አይደለም። እዛው ሥዕል ላይ መታጠቡ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይውሰድ ይላል።

አሁን ስለ ውኃ ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ነገር አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። መንዝ ደግሞ ብሶ ከፍ የሚል አለው። በህዳርና በታህሣሥ ጠዋት ውርጭ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል። ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ እጅ ይቆርጣል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የልጅ ሽንት ጨርቅ የቀየረች እናት፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ሄዳ በዛ ውኃ ለ40 ሰከንድ እጇን ታጥባ ትመለስ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እኔም አላደረግኩትም። አንድ ሌሊት ጣቴን ነካ አድርጌ ተመልሻለሁ። ስለ እጅ መታጠብ የሚለጠፉት ወረቀቶች ስለ ብርድ አንድም ቃል የላቸውም፣ እኔ ግን ደጋ ላይ ትልቁ እንቅፋት ብርዱ ይመስለኛል።

ማወቅ ያለብን ግን ቀዝቃዛ ውኃም ይሠራል። ሥራውን የሚሠራው ሳሙናውና ፍትጊያው ነው፣ ሙቀቱ አይደለም። ሙቅ ውኃ የሚጠቅመው እጃችንን እንድናቆየው ነው። ስለዚህ ለአስታማሚ ፔርሙስ ውስጥ ከሻይ ሌላ ሙቅ ውኃ ይዞ መሄድ፣ ከጀሪካኑ ውኃ ጋር አለዝቦ መታጠብ ትልቅ ነገር ነው። ያም ካልሆነ ሳኒታይዘር። ልጁ ተቅማጥ ካለው ግን በሳኒታይዘር ብቻ አትተማመኑ፣ ኖሮ ቫይረስ ላይ አልኮል አቅሙ ደካማ ነው። እዛ ላይ ሳሙናና ውኃ ነው።

ዕቃውን ለመጥረግ በረኪና በየሱቁ አለ። ላዩ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውኃ ቢበጠበጥ ለአልጋ ብረት፣ ለበር እጀታ፣ ለኮመዲኖ ይበቃል። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ደም የነካው ቦታ ከሆነ አንድ እጅ በ9 እጅ ውኃ ነው። መጀመሪያ ግን ቆሻሻውን በሳሙና ማንሳት ግድ ነው፣ አለበለዚያ በረኪናው ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ቀብቶ ወዲያው ማድረቅም አይጠቅምም፣ ለጥቂት ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ይቆይ። የተበጠበጠው ደግሞ ለነገ አይሆንም፣ ያው በየቀኑ አዲስ ነው። ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፣ የሚመርዝ ጋዝ ይወጣዋል። ስትጠርጉ ልጁን ከአልጋው አንሱት፣ ብረቱንም እንደ እኛው ልጅ የሚያኝከው ከሆነ በኋላ በንጹህ ውኃ እለፉበት።

የሮታ ክትባት አገራችን ውስጥ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፣ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት። የልጃችሁን ካርድ አውጥታችሁ እዩት። ካመለጠው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስለ መስቀሉ ልጽፍ ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። በአምስተኛው ቀን አንድ አባት ጠበል ይዘው ክፍሉን ዞሩ። በሽተኛውም፣ አስታማሚውም፣ ሁሉም መስቀሉን ተሳለመ፣ እኔም ተሳልሜያለሁ፣ ያን ጊዜ ያገኘሁትን መጽናናት በምንም አልለውጠውም። ግን በኮሮና ጊዜ ብዙ ካህናት ከርቀት ይባርኩን እንደነበር አስታውሳለሁ፣ በረከቱም አልቀረብንም። ተቅማጥ የገባበት የሕፃናት ክፍል ውስጥም እንደዛ ቢሆን ደስ ይለኛል። ይህን ለአንድ የንስሐ አባት በአክብሮት ነግሬያቸው «ትክክል ነህ ልጄ፣ እግዚአብሔርን አትፈታተን ተብሏል» ብለውኛል።

አሜሪካ ውስጥ በዓይን የማይታይ፣ በአልትራቫዮሌት ብቻ የሚያበራ ፈሳሽ የሆስፒታል ዕቃዎች ላይ ነጥብ እያደረጉ፣ ከጽዳት በኋላ ተመልሰው ነጥቡ መጥፋቱን ያዩ ሰዎች አሉ። በብዙ ሆስፒታሎች ተሞክሮ የተጠረገው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሀብታም አገር ላይ ነው ይሄ። ስለዚህ ነገሩ የእኛ ድህነት ብቻ አይደለም። ሰው በተፈጥሮው የሚያየውን ነው የሚያጸዳው። ወለል ላይ ጭቃ ይታያል። የአልጋ ብረት ላይ ምንም አይታይም። ወለሉን ግን ማን ይነካዋል? በጫማ ነው የምንሄድበት። እጅ የሚያርፈው ብረቱ ላይ፣ በሩ ላይ፣ የጉሉኮስ ማንጠልጠያው ላይ፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት ላይ ነው። እኛ ክፍል የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ስለነበር ያንን የማይነካ ሰው አልነበረም።

የመጨረሻውን ቀን ልንገራችሁ ብዬ ነበር። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ ቀድሜ ተነስቼ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እጇ በበረኪና ተላልጧል፣ ጓንቷ አንዱ ጣቱ ላይ ተቀዷል። «እትዬ» አልኳት፣ «ይቺን ብረት በጨርቅ ብናብሳት?» ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣችም። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ብረቱን አየችው።

«አራት ዓመት ሠርቻለሁ መምህር» አለችኝ። «ወለሉ ቆሽሿል ተብዬ ተቆጥተውኛል። ስለ ብረቱ ግን ምንም ያለኝ ሰው የለም። የተሰጠኝም መወልወያ ነው፣ ጨርቅ የለኝም።»

እህቴ አንድ አሮጌ የልጅ ፎጣ ነበራት፣ ለሁለት ቀደደችው። ሌላ ንጹህ ጆግ ውስጥ በረኪና በጠበጥን። ልጁን እኔ ታቀፍኩት። ሴትየዋ ከእኛ አልጋ ጀመረች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ ቆይታ። ከዛ የእማማ አልጋ። ከዛ በሩ አጠገብ ያለው። ስምንቱንም ጨርሳ የበሩን እጀታ አበሰች፣ ይህን አልነገርኳትም ነበር። ጨርቁን እያጠበች ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና ወደ ግድግዳው እየጠቆመች «የመብራቱስ ማብሪያ?» አለችኝ።